ስልሳ ጭረት በፓምፕ ቤት ግድግዳ

በጥር ወር ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ስለ ደከመ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ደጃፍ ጥቂት ዐረፍሁ። በዚያም የውኃ መሳቢያውን ሞተር የሚጠብቁት አቶ ዓምደ ሚካኤል ከሶሬቲ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሶሬቲ ወጣት መሐንዲስ ናት፤ የጣቢያው ባለቤት የሆነው ማኅበር በናፍጣው ሞተር ፈንታ የፀሐይ ፓምፕ መግዛት ይበጀው እንደ ሆነ መዝና እንድታቀርብ ልኳታል።

«ሞተሩ ከዚህ ከተነሣ እኔም አብሬ መነሣቴ ነው፤» አሉ ሽማግሌው። «ለመሆኑ ልጄ፣ ያልተገዛ ነገር ጥቅሙ በምን ይለካል?»

«በእርስዎ ግድግዳ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ናፍጣ ሰረቁ እንዳይባሉ አንድ ጀሪካን በቀዱ ቁጥር የፓምፕ ቤቱን ግድግዳ በሚስማር አንድ ጊዜ ይጭሩ ኖሯል።

«በዓመት ስልሳ ጭረት ነው። በሃያ ሊትር ጀሪካን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሊትር ይሆናል። የዚህ ናፍጣ ዋጋ የፀሐዩን ፓምፕ በአራት ዓመት ይከፍላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድም ሠላሳ ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል።»

«ጭስ በኩንታል?» ሽማግሌው ሣቁ። «ሾላ ገበያ ስንት ዓመት እህል ስሰፍር፣ ጭስ የጫነች አህያ አላየሁም።»

«የተጫነው በእኛው ላይ ነዋ። አህያ የራሷን ጀርባ አታይም።»

«መልካም። ደመና ሲሆንስ? እሱን ጽፈሻል ወይስ ያማረውን ብቻ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ጥቅምን ብቻ የሚሰፍር ሰው ቁናውን እንዳጎደለ ነጋዴ ነውና። ሶሬቲ ግን ደብተሯን ገልጣ አሳየቻቸው፤ የክረምቱ ደመና የፓምፑን ጉልበት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንሰው በቀይ ጽፋለች።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ገጹን እስከ ታች አነበቡት።

«ይህ ቀዩ ይሰረዝ፤» አሉ። «በክረምት ሞተሩን መች አስነሥቼው አውቃለሁ? ዝናብ አለ።» ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረው ጣታቸውን በጭረቶቹ መካከል ባለ ባዶ ስፍራ ላይ አሳረፉ። «ይህንንም አልቆጠርሽው። ባለፈው መጋቢት ናፍጣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ሰባት መቶ የወይራና የጽድ ችግኝ እያየሁት ደረቀ።»

ሶሬቲ ብዕሯን አነሣች። የደረቀውን ችግኝ ዋጋ ደምራ ስታበቃ አራቱ ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ወረደ።

«እንግዲህ በራሴ ላይ መሰከርሁ፤» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የፀሐዩ ሰሌዳ አቧራ ይይዛል፣ ጋሼ። በየማለዳው የሚወለውለው፣ የተሳበውንም ውኃ የሚመዘግብ ሰው ይሻል። የእርስዎን ስም ጽፌያለሁ፤ የሚወስኑት ግን የማኅበሩ ሰዎች ናቸው።»

«ባይወስኑልኝም ያልሁትን አልመልስም። ችግኙ በእኔ እንጀራ ምክንያት መድረቅ የለበትም።»

ማኅበሩ ከፋሲካ በፊት ፓምፑንም ጠባቂውንም ተቀበለ። ዛሬ ያ ኮረብታ ያለ ጭስ ይጠጣል፤ ከሞተሩ ይንጠባጠብ የነበረው ዘይት ውኃው ወደሚሳብበት ምንጭ መውረዱ ቀርቷል፤ የናፍጣው ገንዘብም የፓምፑን ዋጋ እየመለሰ ነው።

በቅርቡ ሳልፍ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሰሌዳውን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። በግድግዳው ላይ ከስልሳው ጭረት በታች ረጅም መስመር አስምረዋል።

«ከዚህ በታች የምጭረው ችግኝ ውኃ ያጣበትን ቀን ነው፤» አሉኝና ሚስማሩን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው አሳዩኝ።

ዝጓል።