ጣሪያና መሠረት

ነይ እህቴ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ በይ። ጉንፋንሽ ተሻለሽ? ተመስገን። እኔማ ስፌት ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል ወገቤ አልቋል። ልጆቹ እስኪወጡ ትንሽ እንጫወት… ኧረ በሩን ተይው፣ አትዝጊው። ውስጥ ያለውም ሰው አየር ያስፈልገዋል።

መቼም አስጠኚ ከተባለ እንዲህ ነው እንጂ! ልጆቻችንን በአንዲት የሂሳብ መለያ ፈተና እንደ ስንዴና እንክርዳድ አበጥሮ አስቀመጠልን። ስም አወጣጡስ? «ሰነፍ» የለ፣ «ደካማ» የለ። ጎበዞቹ «ጣሪያ»፣ የኔዋ ቢጤዎች ደግሞ «መሠረት»። መሠረት መሆን ክብር አይደል? ሁሉም የሚቆመው እሱ ላይ ነው… ቆመውባታልም። ብሔራዊ ፈተናው ደጃፍ ደርሶ፣ ጣሪያዎቹ የአምናውን የካቻምናውን ጥያቄ ሲሠሩ እሷ ግማሽና ግማሽ ትደምራለች። «እማዬ፣ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለችኝ ትናንት።

የአስጠኚያችን የገዛ ልጅም ጣሪያ ላይ ነው፤ ይባረክ። የቤት ሥራውን ስታስረዳው የኖረችው የኔዋ ናት። አሁን ከላይ ሆኖ እጁን ያውለበልብላታል፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ብቻ ልጅ መቼ ዓይኗን ትጨፍናለች? እንዳይኮራረጁ ተብሎ ፈተናው ሁለት ኮድ ነበረው አይደል? አንዱ መስመር ኮድ አንድ፣ ቀጥሎ ያለው ኮድ ሁለት፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ታደለ። እና ብታይ፣ ጣሪያ ላይ የወጣው ሁሉ ኮድ አንድ፤ መሠረት የወረደው ሁሉ ኮድ ሁለት። ለካ ፈጣሪ ጉብዝናን የሚያድለው አንድ መስመር እየዘለለ ኖሯል… እኔ ምኑን አውቄ። አንዳንድ ሰው፣ ይሄኛውን ማለቴ አይደለም፣ የአንዱን ኮድ መልስ ይዞ ሁለቱንም ያርማል አሉ። የሂሳብ ሰው እንዲህ አያደርግማ። ቢያንስ እስከ ሁለት ይቆጥራል።

ድጋሚ ይታይልን ብዬ ለምኜ ነበር። «ቁጥር አይዋሽም፣ እናቴ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቁጥር መች ይዋሻል?… የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን ትልቅ ሰው ነው፤ አፍሶ እንኳ አይለቅምም። ጎንበስ ማለት ክብር ይነካላ።

ውይ፣ የጠመኔው ድምፅ ምነው ጠፋ? ሰሌዳው ሞልቶበት ይሆናል…

በይ ተነሺ፣ ልጆቹ እየወጡ ነው። እኔ እንደምታውቂኝ ቂም አልይዝም፤ አፌ የለመደው ምርቃት ነው። አንቺም አሜን በይ። ፈጣሪ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት፤ ክፉ አይንካው፣ እንቅፋት አይምታው። ያ ትልቁ ፈተና ሲመጣም፣ ልክ እንደ አባቱ ያለ ጠንቃቃ አራሚ ይዘዝለት።