«እማማ፦ ሁለት ጭልፋ»

እትዬ መርማሪ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከልጃቸው ቤት የወጡት ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነበር። ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ገና በማለዳ ወጥቷል። ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ምራታቸውም ከምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ከአሥር ሰዓት በፊት አትመለስም። ሐሳባቸው ማንንም ሳይሰናበቱ ወርደው፣ ታክሲ ይዘው፣ እህታቸው ቤት መግባት ነበር። ነገር ግን ከአራተኛው ፎቅ ጀምረው ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ የደረጃውን ብረት በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች የቆመች ወፈር ያለች ሴት አገኙ። ምራታቸው ነበረች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። ዓይኗ ሻንጣው ላይ ነው።

«አንቺስ በዚህ ሰዓት ከየት መጣሽ?» አሉ። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ የቆየ ልማዳቸው ነው።

«ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተለዋውጬ ነው። ምነው፣ ያስቀየመዎት ሰው አለ?»

«ማንም አላስቀየመኝም። እህቴ ናፍቃኝ ነው።»

«እህትዎ እኮ ከትናንት ወዲያ እዚሁ ነበሩ።»

እትዬ መርማሪ ሻንጣውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መርማሪ» የሚለው ስም የወጣላቸው ሃያ ሰባት ዓመት ባገለገሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሥራቸው ከማሽን የወጣውን ጨርቅ መብራት ላይ ዘርግተው የተበጠሰ ክርና የተዘለለ ድር መፈለግ ነበር። ሙያው ዓይናቸውን ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውንም ሞርዶታል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ጎረቤት በፈገግታ ሰላም ካላቸው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሳይሉ አያልፉም። ወደ ልጃቸው ቤት የመጡት የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ነው። አንደኛው ዓይናቸው ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ነው።

በዚያ በተሠራው ዓይን ነው ጉዱን ያዩት። ባለፈው ዓርብ ክብሪት ሲፈልጉ የኩሽናውን መሳቢያ ሳቡ። ከፎጣዎች ሥር አንድ ደብተር ተኝቷል። ገልጠው በምራታቸው ጽሑፍ ይህን አነበቡ፦ «ሰኞ። ቁርስ፦ ዳቦ ሁለት፣ እንቁላል አንድ፣ ሻይ በሦስት ስኳር። እራት፦ ሩዝ። እማማ፦ ሁለት ጭልፋ። ማክሰኞ። እራት፦ ሾርባ፣ ድንች ሦስት። እማማ፦ አንድ ጭልፋ።»

እትዬ መርማሪ የኩሽናው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። በገዛ ልጃቸው ቤት፣ የሚበሉት በጭልፋ ተቆጥሮ፣ በቀን ተለይቶ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ያዩት ነገር ሁሉ ጥርጣሬያቸውን አጠነከረው። ምራታቸው ከእራት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጽፋለች፤ ሰው ሲገባ መሳቢያውን ትዘጋለች። ልጃቸውን በዘዴ «እዚህ ቤት የሚጻፍ ነገር አለ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ እንጃ» አለና ወጣ። ለካ እሱም ያውቃል ብለው ደመደሙ። ሦስት ቀን ሙሉ ግማሽ ሆዳቸውን በሉ፤ በአራተኛው ሻንጣቸውን አነሱ።

ምራታቸው ሻንጣውን በትሕትና ተቀብላ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች ወደ ላይ ወጣች፤ እትዬ መርማሪም ተከተሏት። ኩሽና ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እንግዲህ አንዴ ተገናኝተናል፤ ልናገረው» አሉ እትዬ መርማሪ። «ልጄ፣ እኔ ጡረታ አለኝ፣ ቤትም አለኝ። ለመኖር ብዬ አልመጣሁም። ጭልፋ እስኪቆጠርብኝ ድረስ ግን ምን አድርጌሻለሁ?»

ምራታቸው መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ በእፍረት ቀላ። ተነሥታ ደብተሩን አወጣችና ፊታቸው ላይ ዘረጋችው።

«እማማ፣ ይህ እርስዎ የበሉት አይደለም። እኔ የበላሁት ነው።»

«ታዲያ እማማ የምትለዋ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት። በቃኝ እያልኩ የጨመሩልኝን ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ሳህኔ ላይ ሁለት ጭልፋ ጨምረውልኛል።»

ይህ መልስ ነገሩን አባሰው እንጂ አላበረደውም። «አሃ፣ ያወፈርኩሽ እኔ ነኛ» አሉ። «በደብተር ማስረጃ ተይዞብኛል።»

«አይደለም፣ ይስሙኝ። ከሁለት ወር በፊት ሥራ ቦታ የገዛ ደሜን መረመርኩ። ስኳሬ የበሽታው ድንበር ላይ ደርሷል። አንዲት ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ ‹ክብደትሽን ከቀነስሽ ያለ መድኃኒትም ሊመለስ ይችላል፤ መጀመሪያ ግን የምትበዪውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪልኝ› አለችኝ።»

«የምትበዪውን ለማወቅ ደብተር ያስፈልጋል? አፉ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር። በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፣ እያንዳንዱ በሦስት ማንኪያ ስኳር። አሥራ ስምንት ማንኪያ መሆኑን ከመጻፌ በፊት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።»

እትዬ መርማሪ አሥራ ስምንት ማንኪያ ስኳር አንድ ላይ ተከምሮ ታያቸው፤ ግን እጃቸውን በቀላሉ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። «በእኛ ጊዜ ማንም አልጻፈም። ያገኘነውን በልተን ይኸው ደርሰናል። ደግሞስ ብትከሺ ሰው ምን ይላል? ልጄ የሚያስርብሽ ነው የሚመስለው።»

«እርስዎ ሃያ ሰባት ዓመት ቆመው ነው የሠሩት። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሼ ተቀምጬ እውላለሁ። ቤት ስገባ የልጆቹ ጥናት፣ የሚታጠብ ልብስ፣ የነገ ምሳ ይጠብቀኛል። ተቀምጬ የምበላው እራት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ በቁሜ ነው የምጎርሰው፤ በቁም የበሉት ደግሞ ከአእምሮ ይጠፋል። አሁን ደረጃው ላይ እንዴት ሆኜ እንዳገኙኝ አይተዋል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

ጥርጣሬ ግን አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑበት ሌላ መፈለግ ልማዱ ነው።

«ንጹሕ ነገር ከሆነ ለምን ፎጣ ሥር ትደብቂዋለሽ?»

ምራታቸው ደብተሩን በጣቷ ስታሻሽ ቆየች። «ስለማፍር ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። አራተኛውን ስተወው ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው። ባለቤቴንም ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።» ቀጥላም በቀስታ ጠየቀች፤ «እማማ፣ እርስዎ ጨርቁ ላይ ግድፈት ሲያገኙ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ።»

«ሸማኔውን ለማዋረድ ነው?»

«ማሽኑ የት ላይ እንደሚስት እንዲታወቅ ነው እንጂ። ለማዋረድ የሚመስላቸው ግን ሞልተው ነበር። ስንቱ ሰው አኩርፎኛል መሰለሽ» አሉ። ካሉ በኋላ ምራታቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

የተነገራቸውን ያመኑ ይመስሉ ነበር፤ አላመኑም። ሻንጣውን ሳይፈቱ በሩ ሥር አቆሙትና «እስቲ አያለሁ» አሉ። እውነትም ማየት ጀመሩ። ምራታቸው ስትበላ ያያሉ፤ ስትጽፍ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። በሦስተኛው ቀን ሳህን ስታጥብ፣ ትንሿ ልጅ የተወችውን ግማሽ ዳቦ ሳታስበው አፏ ውስጥ ከተተችው። ደብተሩ ላይ ግን አላሰፈረችውም።

«ይህችስ?» አሉ።

«የቷ?»

«አሁን የዋጥሻት።»

«እሷማ ትራፊ ናት፣ እማማ።»

«ትራፊ ሆድ ውስጥ ሲገባ ስሙን ይቀይራል? ጻፊያት።»

ምራታቸው እየሳቀች ጻፈች። በሳምንቱ መጨረሻ የልጆች ትራፊ ብቻውን አንድ ምሳ የሚያህል ሆኖ ተገኘ። እትዬ መርማሪ ይህን ሲያዩ የፋብሪካው መብራት ሥር የቆሙ ያህል ተሰማቸው። የሚፈልጉት ክር እዚያው ነበር፤ መብራት ስላልበራበት ነው ያልታየው። ሳህን ላይ መጨመሩንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይነግራቸው ተዉ።

ፈተናው የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ታመሙና የእነሱ ሥራ በሙሉ በምራታቸው ላይ ወደቀ። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ደብተሩ ነጭ ሆኖ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ምራታቸው ደብተሩን መልሳ ፎጣ ሥር ስትከተው እትዬ መርማሪ ደረሱባት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይህ ሳምንት ተበላሽቷል። ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።»

«ያቋረጥሻቸው ሦስቱም ‹ሰኞ እጀምራለሁ› የተባሉ ነበሩ?»

ምራታቸው መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው።

«ስሚኝ» አሉ፣ በርጩማውን ስበው እየተቀመጡ። «ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሠላሳ ሜትር ጨርቅ ሳይታይ ያልፋል። ታዲያ ጥቅሉን እናቃጥለዋለን? ‹ከዚህ እስከዚህ አልታየም› ብለን ጽፈን ቀጣዩን ሜትር እናያለን። አንቺም ‹ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ አልታየም› በዪና ዛሬ የበላሽውን ጻፊ። ሰኞን ማን አነገሠው?»

«ጊዜ ነው ያጣሁት፣ እማማ። ማታ ቁጭ ብዬ የቀኑን ላስታውስ ስል እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«ማታ ለምን ታስታውሻለሽ? ጨርቁን ከተሰፋ በኋላ ነው እንዴ የምንመረምረው? ትንሽ ደብተር ጋውንሽ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ እርሳሷ ከሻይ ብርጭቆሽ ጎን ትቀመጥ። እንደበላሽ አንዲት ቃል ጣል አድርጊ። ቁርስሽ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በየቀኑ ምን ያዘረዝርሻል? ‹ያው ቁርስ› ብለሽ እለፊ። በግራም የሚመዘን ነገርም አያስፈልግሽም፤ ጭልፋው ያው ጭልፋ፣ ብርጭቆውም ያው ብርጭቆ ነው።»

ደብተሩን የተጠራጠሩት ሴት የደብተሩ ጠበቃ ሆነው የተገኙት እንዲህ ነው። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ሥር የቆመው ሻንጣ ተፈታ።

ሁለተኛው ዓይናቸው ተሠርቶ ሲድን ምራታቸው ከሰማንያ ስድስት ኪሎ ወደ ሰማንያ አንድ ወርዳለች። አንድም ቀን አልተራበችም። ሻይዋ በአንድ ስኳር ሆኗል፣ የልጆቹ ትራፊ ለነገ ይቀመጣል፣ በሥራ መሐል የምትጎርሰው ብስኩት በእንቁላል ተተክቷል። ከዚህ የበለጠ ተአምር አልተሠራም። አንድ ቀን የደም ምርመራ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ስኳሩ ከድንበሩ በታች ወርዷል።

እትዬ መርማሪ ወረቀቱን ገለባብጠው አዩት። «ማን ነው የመረመረው?»

«እኔው ነኝ።»

«በእኛ ፋብሪካ የገዛ ጨርቁን ራሱ የሚያሳልፍ ሸማኔ አልነበረም። ሌላ ሰው ይይልሽ።»

ሐኪሟ በሌላ ባለሙያ አስመረመረቻት። ውጤቱ ያው ሆነ። እትዬ መርማሪ ያመኑት ያኔ ነው።

እሑድ ምሳ ላይ ልጃቸው ነገሩን አንሥቶ ሊቀልድ ሞከረ። «እማዬ፣ ምራትሽ ሰላይ ናት ብለሽ ሻንጣሽን አላነሣሽም ነበር?»

«አንሥቻለሁ፤ ተሳስቼ ነበር» አሉ፣ ሳይስቁ። «አንተም አትሳቅ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ ተቀምጠህ ነው የምትውለው። ምን እንደበላህ ብጠይቅህ ግማሹን አትነግረኝም፤ ዋሽተህ ሳይሆን ስለማታውቀው። የጻፈ ሰው ያውቃል። ያወቀ ሰው ደግሞ ሁሉን አይተውም፤ የሚተወውን ይመርጣል። ቀን ቢዘል እንኳ ከዘለለበት ይቀጥላል። ሐኪም ሲጠይቀውም አይንተባተብም።»

እዚህ ላይ ሹካቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«አባትህ በስኳር የወደቀ ጊዜ ሐኪሙ ‹ምን ይበላ ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ባሏን በቅጡ አልያዘችም ብሎ ሊከሰኝ መሰለኝ። ‹የፈለገውን› አልኩና ፊቴን አዞርኩበት። ለካ ሰውየው ሊረዳው ነበር የጠየቀኝ።»

ልጃቸው አንገቱን ደፋ። ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም። ምራታቸው እጇን እጃቸው ላይ አሳረፈች።

«እማማ፣ ያኔ ተጽፎ ቢሆን እንኳ አባባ ላይድኑ ይችሉ ነበር።»

«ይሆናል» አሉ እትዬ መርማሪ። «ግን መልስ ይኖረኝ ነበር።»