ወይዘሮ ውረዱ በሜዳ ይረፉ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ በተለይም የተራራው አመድ ገና ከጫማችሁ ያልረገፈ መንገድ መሪዎችና ተሸካሚዎች፤ ሌሊቱን ስትወርዱ እንዳደራችሁ ከፊታችሁ ይታያልና ወንበር ያገኘ ይቀመጥ። የእኅታችንን ታሪክ እንዳነብ የተመረጥሁት ታናሽ ወንድማቸው በመሆኔ እንጂ አንደበቴ ስለሚያምር አይደለም። ከማንበቤ በፊት ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር በግልጽ ልናገር። የመንገድ መሪዎች ማኅበር ሟቿን ወደ ላይኛው ማረፊያ ቤት አውጥቶ፣ በሠሩበት ቦታ በክብር ለመቅበር ቃሬዛ ይዞ መጥቷል፤ ጉድጓዱም እዚያው ተቆፍሯል። ልጆቻቸው ደግሞ አይሆንም ብለዋል። ለምን አይሆንም እንዳሉ ይህን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ትረዱታላችሁና፣ ቃሬዛውን ለጊዜው ከግድግዳው አስደግፋችሁ አድምጡኝ።

እኅታችን የተወለዱት በዚሁ በተራራው ግርጌ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባታቸው በበቅሎ ውሃ ወደ ተሳላሚዎቹ ማረፊያ ቤቶች የሚያመላልሱ፣ እናታቸው ደግሞ የማረፊያ ቤቶቹን ብርድ ልብስ የሚያጥቡ ሠራተኞች ነበሩ። በተወለዱበት ማለዳ እሳተ ገሞራው ተራራችን ከወትሮው ከበድ አድርጎ አስሎ አመዱን በመንደሩ ላይ ስላራገፈው፣ እናታችን ታጥቦ የተሰጣውን ሁሉ ከገመድ አውርደው እንደ አዲስ ሲያጥቡ ምጥ ያዛቸው፤ ስለዚያ ቀን በተጠየቁ ቁጥርም ምጡን ትተው የድጋሚ እጥበቱን እያነሡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያማርሩ ኖሩ። ማማረር በቤታችን የጤና ምልክት ነው። ይህን ነገር አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አንድ ጊዜ መምህራቸው ቅዱሱን ተራራ ሥላችሁ አምጡ ብለው ሲያዝዙ፣ ሌሎቹ ልጆች ጫፉን፣ ጭሱንና በረዶውን አሳምረው ሲሥሉ፣ እኅታችን ጠመዝማዛውን መንገድና የአባታቸውን በቅሎ ብቻ ሥለው ቀረቡ። መምህሩም ጫፉ የታለ ብለው ቢጠይቋቸው፣ «እዚያ ውሃ አናደርስም» ብለው መለሱ። ቤተሰቡ ይህን እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖረ እንጂ፣ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ዓለም ሁሉ ከየአገሩ ገንዘቡን ቆጥቦ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ዳር ቆሞ ስእለቱን ሊያሰማ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ የተራራውንም ቅድስና ክደው አያውቁም። ነገር ግን ተራራ ቅዱስ የሚሆነው ለሚሳለመው ነው፤ ብርድ ልብስና ከሰል ተሸክሞ ለሚወጣው ዳገት ነው ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስደው በላይኛው ማረፊያ ቤት ተቀጠሩ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ማረፊያ ቤቱ ከመጨረሻው አቀበት በታች የተቀመጠ አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ በመካከሉ የብረት ምድጃ፣ በግራና በቀኙ አግዳሚ ወንበሮች፣ በበሩ አጠገብ እርጥብ ካፖርት የሚሰቀልባቸው ምስማሮች አሉት፤ የድኙ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ልብስ ቢታጠብም አይለቅም። የእኅታችን ሥራ እዚያ ክፍል የሚደርሰውን ተራራ ወጪ ሁሉ አይቶ፣ አየሩ የከበደውንና ራሱን የሳተውን ለይቶ ወደ ታች መመለስ ነበር። ከዚህም የተነሣ ትክክለኛ ስማቸው ተረስቶ ወይዘሮ ውረዱ ተባሉ።

ለዚህ ሥራ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ለመጣው ሁሉ ስኳር የሌለው ሻይ ይሰጡና፣ ስኳሩን ምድጃው አጠገብ በግልጽ አስቀምጠው ጀርባቸውን ያዞራሉ። ደህና የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ፉት ብሎ፣ ይኼ ምን ሻይ ነው፣ ስኳር አለቀባችሁ እንዴ ብሎ ይነጫነጫል፤ እንዲህ ያለውን ሂድ ይሉታል። አየሩ ያፈዘዘው ግን ያንን መራራ ነገር ዝም ብሎ ይጨልጠዋል፤ እሱን ውረድ ይሉታል። ስንቱ እንባውን አፈሰሰ፣ ስንቱ ሰደባቸው፣ ስንቱ ዕድሜ ልኬን የተመኘሁትን ከለከልሽኝ አላቸው! እሳቸው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው፣ የጫማውን ክር ራሳቸው አጥብቀው አስረው ቁልቁል ይሸኙታል። ማታ ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ሲቀመጡ የሚያስታውሱት ጫፍ ደርሶ በደስታ የተመለሰውን አልነበረም፤ የተቆጣቸውን ነበር። ይህም ያደክም ነበር።

ወደ ትዳር ስንመጣ፣ ባለቤታቸው ከመንገድ መሪዎቹ ሁሉ በጸባያቸው የተመሰገኑ፣ ዝናብ ቢመታቸው፣ ሸክም ቢበዛባቸው፣ ደንበኛ ቢጮህባቸው፣ ከአንዲት ቃል በቀር የማይወጣቸው ሰው ስለነበሩ አቶ ግድ የለም ይባሉ ነበር። በመላው የእኅታችን የሥራ ዘመን ውረዱ ተብለው ሳይቆጡ የወረዱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጉም ወርዶ ነበርና እንግዶቻቸውን ይዘው ሲመለሱ ከበሩ ዞር ብለው አመሰገኗቸው። ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ ልጆቹንም በአብዛኛው ያሳደጓቸው እናታችን ናቸው፤ ባልና ሚስቱ የመውጫው ወራት ሲሆን ላይ፣ ዝናቡ ሲመጣ ታች፣ እንዲህ ሲሉ ዘመናቸው በአቀበትና በቁልቁለት አለቀ። ለልጆቻቸው ያልሰጡት ጊዜ ይቆጫቸው እንደነበር ደብቀው አያውቁም።

አሁን የከበደው ደረሰ። በዚያን ዘመን በመንደራችን ተራራው የራሱን ሰው አይነካም የሚል እምነት ነበር፤ ስለዚህም ያ ሻይ ለመንገድ መሪዎች አይሰጥም ነበር፤ ለእነሱ የሚቀርበው ስኳር የገባበት ነበር። አቶ ግድ የለም ግን አንድ ማለዳ ጉንፋን ይዟቸው፣ እያሳሉ፣ ብዙ እንግዳ አስከትለው ደረሱ። ክፍሉ ሞልቶ፣ የእኅታችንም እጅ ተጨናንቆ ስለነበር፣ ከእንግዶቹ ሻይ አንዱን ብርጭቆ አንሥተው ሰጧቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ጠጡና ብርጭቆውን መልሰው «ተባረኪ» አሏቸው። እኅታችን ስኳር እንዳልጨመሩበት ትዝ ያላቸው ባለቤታቸው ከበሩ ወጥተው አቀበቱን ከጀመሩ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜም ለራሳቸው፣ ግድ የለም፣ እሱ መቼ አማርሮ ያውቃል አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከእሳተ ገሞራው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ዕረፍት አደርጋለሁ ብለው እንደተቀመጡ ቀሩ፤ በቃሬዛም ወረዱ።

ባለቤታቸው ያንን ሻይ የጠጡት አየሩ አፍዝዟቸው ጣዕሙ ጠፍቶባቸው ይሁን፣ ወይስ እንደ ጸባያቸው ሚስታቸውን ላለማስቸገር ብለው ይሁን፣ እኅታችን እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም። የሚነግራቸውም አልነበረም። ሐዘናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ መሪም ሆነ ተሸካሚ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ቢሆን፣ ያንን ሻይ ሳይጠጣ ከበሩ እንዳያልፍ አደረጉ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ያን ሻይ እየጎመዘዘው በልቡ እሳቸውን ያልረገመ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ስለዚህም ነው እዚህ የተቀመጣችሁት።

ከዚያ ወዲያ በሥራው ላይ የቆዩት ወደውት አልነበረም። ጉልበታቸው አልቆ፣ ተተኪ ይሰጠኝ እያሉ ሲያመለክቱ፣ የሚመጣው ወቅት፣ ደግሞ የሚመጣው ወቅት እየተባለ ዓመታት አለፉ፤ ጥለው እንዳይወርዱም ሰውን ውረድ የሚል የማይኖር መስሏቸው ፈሩ። በመጨረሻ ተተኪዋ ተገኝታ ሲወርዱ፣ በልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ቤት ምድር ቤት፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ አልጋቸውን አስነጠፉ። ፎቁ ላይ የተሻለ ክፍል አለ ቢባሉ አንዲት ደረጃ እንኳ አልወጣም አሉ። የወንበራቸውንም ጀርባ ወደ መስኮቱ አዙረው፣ የዓለም ሕዝብ ሊያየው የሚጓጓለትን ተራራ ፊቱን ጠግቤዋለሁ ብለው ተቀመጡ።

ልባቸው መድከም ከጀመረ ጀምሮ ማማረራቸው በዛ። ትራሱ ቆረቆረኝ፣ የስፌት መኪናው ጮኸብኝ፣ ሾርባው ውሃ ነው፣ ወንድሜ ሲመጣ ብዙ ያወራል ይሉ ነበር። ልጃቸውም ይህን ስትሰማ ደስ እያላት ትሠራ ነበር፤ እኛም እንዲሁ። ባለፈው ሰኞ ማለዳ ግን፣ የደንበኛ ልብስ ለማድረስ ስትጣደፍ፣ የእናቷን ሻይ ስኳር ሳትጨምርበት ሰጠቻቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ጠጡና ብርጭቆውን መልሰው፣ «ተባረኪ» አሏት። ልጅቱ ብርጭቆውን አሸትታ፣ ጭላጩን ቀምሳ፣ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ ለአውቶቡስ ነጂው ወንድሟ ደወለች። ሁለቱም ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ ከቀትር በፊት አረፉ። አልተሰቃዩም። እኛ ግን አልቅሰናል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ከመሞታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ለልጃቸው የተናገሩትን አሁን ልንገራችሁ። «ማኅበሩ ሽቅብ ሊወስደኝ ይመጣል። ሊያከብሩኝ ብለው ነውና እንዳትቆጧቸው። ብቻ ውረዱ በሏቸው» አሉ። እንግዲህ፣ ወንድሞቼ፣ በእሳቸው ቃል ውረዱ ብያችኋለሁ። ቃሬዛውን አንሡ፤ ግን በሜዳው መንገድ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል፣ በዳቦ ቤቱ ጎን አድርገን፣ ባለቤታቸው ወዳረፉበት መቃብር እንሂድ። እዚያ ምንም አቀበት የለም። ላይ የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ግን ሰው ሳይገባበት ድፈኑት።

እኅታችን ልብስ ሰፊ ሴት ልጃቸውን፣ አውቶቡስ ነጂ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ብዙ የሚያወራውን ይህን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ደግሞም በየአገሩ ተበትነው ዛሬም ያች መናጢ ሴትዮ ጫፍ ሳልደርስ መለሰችኝ እያሉ በጤና የሚያማርሩትን፣ ስማቸውን የማናውቃቸውን ብዙ ሰዎች ትተው አልፈዋል።

ነፍስ ወደ ላይ ትወጣለች ይባላል። ፈጣሪ ሆይ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ፤ ጉልበቷንም ታውቀዋለህ። ይህን የመጨረሻውን አቀበት በእግሯ አታስወጣት። አንተው ተሸክመህ አውጣት፤ ስትደርስም አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ስኳር የገባበት፣ ከባሏ እጅ ይድረሳት። አሜን።