ማንም ሳይጫወት የዘገየው ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ኃላፊያችን አቶ አክመል፣ የባህል ማዕከላችን ባልደረቦች፤

ጡረታ ለሚወጣ ለአንድ ክራር መቺ ይህን ያህል ወንበር ስለደረደራችሁ፣ ጋቢም ስላለበሳችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እውነቱን ልናገር? ጠዋት ድንኳኑን ሳይ፣ “ይህን ሁሉ የሚደግሱት ቶሎ እንድሄድላቸው ነው” ብያለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ግን ብያለሁ።

ጠባዬ ነው። ባለቤቴ አሰፋች በሕይወት ሳለች፣ “ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰው አትጠርጥር!” ስትለኝ እመለስ ነበር። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። መላሽ አጣሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሂባ ነው። ያቻትና፣ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። እንደምታውቁት ከአርሲ ወረዳዎች፣ ከጮሌ እስከ አቦምሳ፣ የሰበሰብናቸውን ዜማዎች እኔ በክራር እጫወታለሁ፤ እሷ በኮምፒውተር ኖታቸውን ትጽፋለች። ፕሮግራሙ ኖታውን እያሳየ የእኔን ድምፅ ይቀዳል፤ እኔም ምቱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እከተላለሁ። ዘንድሮ ጥር ላይ ቅጂው ሲከፈት ክራሬ ከኖታው ኋላ ቀረ። ደገምነው። አሁንም ኋላ።

“ጋሽ ሣህሌ፣ ትንሽ እየዘገዩ ነው” አለችኝ።

እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት ምት የጠበቅሁ ሰው? ይህች ልጅ አርጅቷል አሰኝታ የራሷን ሰው ልታስገባ ነው አልኩ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ከሥራ ስወጣ ላፕቶፑ ክዳን ውስጥ ቀጭን የክራር ጅማት ቁራጭ አስቀምጥ ጀመር። ከወደቀ፣ እኔ በሌለሁበት ከፍታ ነካክታዋለች ማለት ነው። ጠዋት ኪዳን አስደርሼ፣ “በደላችንን ይቅር በለን” ብዬ፣ በቀጥታ ወደ ጅማቱ። አንድ ቀን ሂባ ቀደመችኝ።

“ጋሼ፣ ጅማትዎ ወድቆ አገኘሁት፤ እንዳይጠፋብዎት” ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ይህንንም ተንኮል ነው አልኩ! በዚያው ቀን ለአቶ አክመል ደብዳቤ ጻፍኩ፦ “ሆን ብላ ድምፄን ታዘገያለች።” የሥራ ውሏ ሊታደስ ነበር፤ በእኔ ደብዳቤ ቆመ።

ስትሰማ አልጮኸችብኝም። “ማዳመጫዎን ማይኩ ላይ ይግጠሙት፤ ክራሩን አይንኩ፤ ምቱን ብቻ ይቅዱ። ነካካች እንዳይሉኝ እኔ ግቢ እቆማለሁ” አለችኝ።

በሩን ዘግቼ፣ በመስኮት እያየኋት፣ ራሴ ቀዳሁ። ማንም አልተጫወተም። የተቀዳው የምቱ ድምፅ ግን ከኖታው ዘገየ።

ጥፋቱ የማዳመጫው ነበር። ያውም የእኔው! የቢሮው ገመድ ክራሬ ላይ ይጠላለፋል ብዬ ከቤት ያመጣሁት ገመድ አልባ። ምቱን ጆሮዬ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እኔም የሰማሁትን ተከትዬ እመታለሁ። የቢሮውን ባለገመድ ሰክቼ ደግሜ ቀዳሁ፤ የቀረችው መዘግየት በጣም ትንሽ ሆነች። ሂባን ከግቢ ጠራኋት። የዚያችን ትንሽ መዘግየት ልክ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ላይ በቁጥር አስገባችልኝ። ክራሬ ኖታው ላይ ቁጭ አለ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ደብዳቤውን ግን አላነሳሁም። ለምን? ጡረታዬ እስኪደርስ ስሜ ይቆይልኝ ብዬ ይመስለኛል። አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው። ይህን የምናገረው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ በመልካም ስም ልሸኝ ብዬ? አላውቅም። እሱ ያውቃል።

ሂባ፣ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። በሰው ፊት ነው የምለምንሽ፣ ይቅር በይኝ። አይ፣ አይ፣ ለመመለስ አትቸኩይ፤ መጀመሪያ ውልሽ ይፈረም።

አቶ አክመል፣ ክሴን ያነሳሁበት ወረቀት ይኸው፤ ፈርሜበታለሁ። “ሰኞ እናየዋለን” እንዳይሉኝ። ሰኞ እኔ የለሁም፤ ሰኞንም አላምነውም።

ባልደረቦቼ፣ ጾማችሁንም ሶላታችሁንም ይቀበላችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ይህ ቤት ዜማ አይጣ። በአርሲ ሽማግሌዎች አፍም ሆራ ቡላ፤ ረብታችሁ፣ በዝታችሁ ኑሩ።

ዳቦውን ባርኬ የምቆርሰው ግን አቶ አክመል ከፈረሙ በኋላ ነው። እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።