ያልመጣው ወንበር

የመሸኛ ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት የደበቅሁትን ልናዘዝ። ያን ጊዜ የሆስፒታላችን የቀጠሮ ገጽ ባዶውን እየተከፈተ ሕሙማንን «ቀጠሮ የለዎትም» ብሎ ሲመልስ፣ «ኔትወርክ ነው» ያልኳችሁ ውሸቴን ነበር። ዝርዝሩ ከሰርቨር እስኪደርስ ጠብቅ ብለው ገጹ ለተጻፈበት ቋንቋ ለጃቫስክሪፕት እንዴት እንደሚነግሩት ስላልገባኝ «አምስት ሰከንድ ቆይ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዝርዝሩ ከዚያ ከዘገየ ገጹ ባዶውን ይከፈታል፤ እንግዲህ እግዜር ይሁናቸው!

እታለም፣ ጡረተኛዋ፣ አትሳቂ። ወዳንቺ እየመጣሁ ነው።

ሥራ የጀመርሽ ቀን «ወንበር ላምጣልሽ፣ አንዴ ጠብቂኝ» ብዬሽ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አለቃ ጠራኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ማታ ስመለስ የፕሪንተር ካርቶን ላይ ተቀምጠሽ ሥራሽን ጨርሰሻል።

«ወንበሩስ?» አልሺኝ።

«የምን ወንበር?»

ይኸው እስከ ዛሬ ቢሮው ሁሉ «የምን ወንበር» እያለ ይስቅብኛል።

ኮዱ ውስጥ አምስቷን ሰከንድ ያገኘሻትም አንቺ ነሽ። ለአለቃ አልነገርሽብኝም፤ አጠገብሽ አስቀመጥሺኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን ወንበሩን ስጠብቅ ሥራ ፈትቼ ነበር?»

«ኧረ ጨርሰሽ ነው ያገኘሁሽ።»

«በቃ! መልሱን የሚፈልገው ሥራ ብቻ ይጠብቅ፣ ሌላው ይቀጥል። በኮድ አዌይት የሚባለው ትዕዛዝ ይኸው ነው።»

«መልሱ ካልመጣስ?»

«አልመጣም ብለህ ለሰው ንገራ! የለም አትበል።»

የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልገባኝም። አንቺም አውቀሽብኝ ቀጠሮውን ራስሽ አስተካከልሽና «ያችው አምስት ሰከንድ ያለችበትን የላቦራቶሪ ውጤት ገጽ ግን ላንተ ትቼዋለሁ» አልሽ። እኔም ተውኩት።

ግራ የገባኝ ደግሞ በኮዱ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጸሎቴን ልኬ፣ መልሱ እስኪመጣ ብዬ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። ምሳ እንኳ የምበላው አንቺ «ተነስ እንጂ!» ስትዪኝ ነበር። እየጠበቁ መኖር እንዴት እንደሚቻል ዛሬም አጥርቼ አላውቀውም፤ አንቺ ግን ካርቶን ላይ ተቀምጠሽም ስትኖሪው አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ! እታለም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የልጅ ልጆችሽ እስኪሰለቹሽ አቅፈሻቸው ዋዪ። ስንደውልም ስልኩን አትዝጊብን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ፣ ከላቦራቶሪው ገጽ ላይ አምስቷን ሰከንድ አጥፍቼ አዌይት ብዬ ጻፍኩ። የኔትወርኩን ገመድ ነቅዬ ሞከርኩት፤ «ውጤቱ ገና አልደረሰም» አለ እንጂ አልዋሸም። ከዚያ ዕቃ ክፍል ወረድኩና፣ አሁን የተቀመጥሽበትን ወንበር አመጣሁልሽ።