ለሁለት የሚነዳ መኪና

ከስንት ዓመት በኋላ አሰላ የገባሁት ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ነው። ከአቦምሳ እህል ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነበር፤ ዘንድሮ ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። በእጁ ተስፋ ቆርጧል ብለውኝ ለቅሶ ጠብቄ ብገባ፣ እሱና ሚስቱ አስቴር ስልክ ላይ አፍጥጠዋል። ስልክ ሰውን ከሰው ነጠለ እያልኩ ሳማርር የኖርኩ ነኝና ደሜ ፈላ። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ስልኩ ልጃቸው ባመጣላቸው የጌም እጀታ መሃል ተሰክቶ የመኪና ጨዋታ ይዘዋል። ወንድሜ በቀኝ እጁ ነዳጅ ይሰጣል። አስቴር ደግሞ የደከመውን የግራ አውራ ጣቱን እንደ መሪ በሚያገለግለው የእጀታው ቁልፍ ላይ አስቀምጣ፣ በራሷ ጣት ከላይ ተጭና ትጠመዝዛለች።

«ቀንስ፣ ኩርባ ነው!»

«አንቺ መሪሽን ያዢ!»

አስቴር ምሳ ልታቀርብ ስትነሳ «እትዬ፣ ይያዙልኝ» አለችኝ። ጣቴን በጣቱ ላይ አደረግሁ። ብዙም ሳንሄድ መኪናው ገደል ገባ።

«ፈጀሽን! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ ግራና ቀኝ አትለዪም?»

«እኔ ወደ ቀኝ ነው የገፋሁት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ወደ ግራ ማን ወሰደው?»

ጣቱ ከጣቴ ሥር አሁንም ወደ ግራ ይገፋ ነበር። ዝቅ ብሎ እጁን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«አስቴር!» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በይ ልቀቂኝ» አለ፤ «ራሴ ልንዳው።»