ጭራ ያለው ታንክ
በጣሊያን ጊዜ ነው። ባንዶች መንደራችንን ሊያቃጥሉ ከቡሬ ሲመጡ፣ ባለቤቴ ባዶውን ጎተራ ጥላሸት ቀብቶ በሁለቱ በሬዎቻችን ላይ ደፋው፤ ዘነዘናውንም እንደ መድፍ ሰካበት። እሱም አብሯቸው ውስጥ ገባ።

«ሰውዬ፣ ታንክህ እኮ ጭራ አለው!» አልሁት።

«ጭስ ነው በያቸው!»

ጎተራው በጉሙ ውስጥ እንደ ሕልም እየተንሳፈፈ ቁልቁል ወረደ። ባንዶቹ ቆሙ። ያን ጊዜ አንዱ በሬ «እምቧ!» አለ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ኧረ ታንክ ማርከዋል! ሞተሩንም አስነስተውታል!» ብሎ አንዱ ባንዳ ሲሮጥ ሁሉም ተከተሉት።

መንደራችን ተረፈ። ባለቤቴ ግን ዛሬ የለም። ጉም በወረደ ጠዋት በሬ ሲጮህ ከደጅ ወጥቼ እቆማለሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

«ታንካችንን» እላለሁ፤ «ጭራው እስኪታየኝ ነው።»